የሆስፒታሉን ሞዴል በፍላሽ ይዤ ወደ ቤት የሄድኩ ዕለት

ቢሮአችን ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙ ሳይርቅ፣ አዲስ አበባ አለቀች ሲባል እንደገና በምትጀምርበት ሠፈር። ስድስት መሐንዲሶች ሆነን የሕንፃዎችን ሜካኒካል፣ ሳኒተሪና ኤሌክትሪክ ሥራ እንነድፋለን። ከዛሬ ሁለት ዓመት በፊት ሁለት ምድር ቤትና ከመሬት በላይ ዘጠኝ ፎቅ ያለው የሆስፒታል ዲዛይን እጃችን ገባ። አሠሪው ሥራው በሙሉ በባለ ሦስት አውታር ሞዴል እንዲቀርብለት በውሉ ላይ አስገባ። እስከዚያ ቀን ድረስ እጃችን የለመደው በመስመር የሚሣልበትን ኦቶካድን ነበር፤ ሕንፃ በባለ ሦስት አውታር ሞዴል የሚነደፍበትን ሬቪትን የምናውቀው ከሁለትና ከሦስት ቪላ ቤቶች ነው። የቢሮው ኃላፊ ውሉን ሲፈርም እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ራሴን በአዎንታ እየነቀነቅሁ ነበር። ጥፋቱን ከዚያ ራስ ልጀምር።

የአርክቴክቱ ሞዴል እንደ ደረሰኝ ከፈትኩት፣ ስሙን ቀይሬ አስቀመጥኩት፣ በውስጡም ቱቦ መዘርጋት ጀመርኩ። የስትራክቸሩ፣ ማለትም የሕንፃው ተሸካሚ አካል፣ ሞዴል ሲመጣ ደግሞ ቀድቼ እላዩ ላይ ለጠፍኩት። ግድግዳው፣ ኮለኑ (ምሰሶው)፣ ዳክቱ (የአየር ማስተላለፊያው)፣ የፍሳሽ ቱቦው፣ መብራቱ ሁሉ በአንድ ፋይል ውስጥ ሆነ። የመጀመሪያው ወር ደስ ይል ነበር፤ የትኛውንም ቦታ ቆርጠህ ስታየው ሁሉም ነገር በአንድ ላይ ይታያል። በሁለተኛው ወር አርክቴክቱ ደረጃውን አዛውሮ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የሕሙማን ክፍሎቹን አሸጋሽጎ አዲስ ሞዴል ላከ። ያን ጊዜ ምን ይደረጋል? አሮጌው አርክቴክቸር የእኛ ቱቦዎች ተጣብቀውበት የእኛ ሆኗል። ሁለት ሰው አንድ ሳምንት ሙሉ የሰው ግድግዳ ሲያፈርስና ሲገነባ ከረመ። ለዚህ ሥራ የሚከፍለን አልነበረም።

ሚያዝያ ላይ ፋይሉ ከአንድ ጊጋባይት አለፈ። ጠዋት ለመክፈት 25 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ኮምፒውተሩን አብርተን፣ ፋይሉን ተጭነን፣ ማኪያቶ ልንጠጣ ወደ ታች እንወርዳለን። በሩ ላይ ያሉት የጥበቃ አባት ስንመለስ እያዩን «ልጆቼ፣ ዛሬም አልተከፈተም?» ይሉናል። አንድ ቱቦ ጎትተህ ለማስረዘም ሞክረህ መዳፊቱን ስትለቅ ክቧ መዞር ትጀምራለች፤ አንተም ትጠብቃለህ።

ያን ጊዜ ሁላችንም ያልነው አንድ ነገር ነው፦ ኮምፒውተር ይገዛ። ተገዛም። በብዙ ልመና አንድ ኃይለኛ ማሽን መጣ። የ25 ደቂቃው መክፈቻ 19 ሆነ፤ ቱቦ ስትጎትት ክቧ አሁንም ትዞራለች። በኋላ የተማርኩትን ልንገራችሁ፤ ሬቪት አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው በአንድ ኮር፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ካሉት የማስሊያ ክፍሎች በአንዱ ነው። ስለዚህ ብዙ ኮር ያለው ውድ ፕሮሰሰር ከመግዛት የእያንዳንዱ ኮር ፍጥነት ከፍ ያለውን መምረጥ ይሻላል። ለራም፣ ለኮምፒውተሩ የሥራ ማህደረ ትውስታ፣ ደግሞ በሙያው የቆየ ግምት አለ፦ የፋይሉን መጠን በ20 አባዙት። የእኛ ሞዴል በዚያ ስሌት ከ20 ጊጋባይት በላይ ብቻውን ይፈልግ ነበር፤ ግማሾቻችን የምንሠራው በ16 ጊጋባይት ነው። ግን ማሽን የምትገዙት ፋይሉን ካጸዳችሁ በኋላ ይሁን። ገንዘቡን ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ ሌላ ርካሽ ነገር ፈትሹ፤ የጋራ ፋይሎች ከሚቀመጡበት ሰርቨር ጋር የምትገናኙት በዋይፋይ ከሆነ የኔትወርክ ኬብል ዘርጉ። በእኛ ቢሮ ከአዲሱ ማሽን የበለጠ ለውጥ ያመጣው 40 ሜትር ኬብል ነው።

አሁን ወደ ሌላው ጥፋቴ ልምጣ። ብዙ የአገራችን መሐንዲስ ሳያውቀው የሚወድቅበት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ። የግቢውን የፍሳሽና የውሃ መስመር ለመዘርጋት የቀያሹን ፋይል አስገባሁ። የእኛ ቀያሾች የሚጠቀሙት ዩቲኤም የተባለውን፣ ምድርን በዞን ከፍሎ የእያንዳንዱን ቦታ አድራሻ በሜትር የሚሰጥ መጋጠሚያ ነው፤ አዲስ አበባ በዞን 37 ውስጥ ናት፣ የሰሜኑ ቁጥርም ከምድር ወገብ ጀምሮ በሜትር ይቆጠራል። በእኛ ሠፈር ይህ ቁጥር 980 ሺህ አካባቢ ነው። ሬቪት ደግሞ ሥራችሁን ከራሱ መነሻ ነጥብ በ16 ኪሎ ሜትር ያህል ክልል ውስጥ እንድታቆዩለት ይፈልጋል። ከዚያ ሲያልፍ የቁጥሮቹ ርዝመት ትክክለኛነቱን ይበላዋል፤ መስመሮች ይንቀጠቀጣሉ፣ ክብ ነገር ማዕዘን ያወጣል፣ አፍና አፋቸው የገጠመ የሚመስሉ ሁለት ቱቦዎች «አልተገናኙም» ይሏችኋል።

ፋይሉን በኦቶካድ ከፍቼ ሙሉውን አሳየኝ ስለው ማያ ገጹ ጥቁር ሆነ። ባዶ መሰለኝ። ዓይኔን አስጠግቼ ስመለከት ግን ሁለት ነጠብጣቦች አየሁ፤ አንዷ ታች ግራ ጥግ፣ ሌላዋ ላይ ቀኝ ጥግ። የላይኛዋ ግቢያችን ናት። የታችኛዋ ምን እንደሆነች ለማወቅ ቀረብኩ፤ የቀያሹ የርዕስ ሳጥን ነበረች፣ ስምና ፊርማ የሚጻፍባት፣ ዜሮ ዜሮ ላይ ተቀምጣ። በሁለቱ መካከል ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ባዶ ቦታ አለ። እኔም ያንን ሁሉ ሆስፒታል ውስጥ አስገብቼዋለሁ። መፍትሔው አሥር ደቂቃ አይፈጅም፦ ከማስገባታችሁ በፊት ፋይሉን በኦቶካድ ክፈቱ፣ የማትፈልጉትን ሁሉ አጥፉ፣ በተለይ ዜሮ ላይ የተረሳ ነገር ካለ አስወግዱ። ከዚያ መሃሉን ከመሃል አጋጥማችሁ በሊንክ (ሳይቀላቀል ከውጭ እንዲታይ አድርጋችሁ) አስገቡት፣ በሕንፃው ጥግ ላይ በትክክል አስቀምጡት፣ እውነተኛውን መጋጠሚያም ከእርሱ እንዲወስድ እዘዙት። የሕንፃው ሞዴል በመነሻው አጠገብ ይቀራል፣ ቁጥሮቹም ከቀያሹ ጋር ይስማማሉ። የኦቶካድ ፋይል አስገብቶ መበታተን ግን በፍጹም አይሞከር፤ በሺዎች የሚቆጠር ብጥስጣሽ መስመር ሞዴሉ ውስጥ ይዘራል፣ ለቃቅማችሁ አትጨርሱትም።

እነዚህ ሁሉ ያዘገሙን እንጂ አልጣሉንም። የጣለን በሰኔ የመጣው ነው።

ብዙ ሰው በአንድ ሞዴል ላይ ሲሠራ ሰርቨር ላይ አንድ ማዕከላዊ ፋይል ይቀመጣል፤ ሁላችንም «ሴንትራል» የምንለው። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቅጂ በኮምፒውተሩ ላይ ይዞ ይሠራና በየጊዜው ከማዕከላዊው ጋር ያመሳስላል። ቅጂው የሚያውቀው ያንን አንድ ፋይል፣ በዚያ ቦታ ላይ ያለውን ብቻ ነው። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲመጣ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ናፍጣ አልነበረውም። ርክክቡ ረቡዕ ነው። እኔ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባትሪ፣ ዩፒኤሱ፣ እየጮኸ ሴንትራሉን በፍላሽ ቀዳሁና ወደ ቤት ሄድኩ።

ቤት ስከፍተው አንድ ረጅም መልእክት መጣ፤ ፋይሉ ከቦታው መነሣቱን የሚናገር ነው። ሳላነብ እሺ አልኩት። ቅዳሜና እሑድ የኦክስጅንና የሌሎቹን የሕክምና ጋዞች መስመር ስዘረጋ ዋልኩ፤ በሥራዬም ረካሁ። ሰኞ ማለዳ ከሁሉም ቀድሜ ገብቼ ፋይሉን ሰርቨሩ ላይ መለስኩት። በዚህ ስም ሌላ አለ፣ ልተካው ወይ ሲለኝ፣ አዎ አልኩት።

ለካ መብራቱ ዓርብ ማታ ተመልሶ ነበር። የኤሌክትሪክ ሥራውን የያዘችው ወጣት መሐንዲስ ቅዳሜ ገብታ የሦስት ፎቅ መብራትና ሶኬት ዘርግታለች። ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከወንበሯ ሳትነሣ ጠራችኝ።

«ኢንጂነር፣ ቅዳሜ የሠራሁት የለም።»

«እንዴት የለም? አመሳስለሽው አልነበረም?»

«አመሳስያለሁ። እርስዎስ ምን አደረጉ?»

የእርሷ ቅጂ ከአዲሱ ፋይል ጋር አልስማማ አለ። እውነትም አይስማማም፤ የሚያውቀው እኔ በሌላ የተካሁትን የድሮውን ሴንትራል ነው። ያዳነን ቅጂዋን አለመሰረዟ ነው። ከማዕከላዊው አላቅቀን ለብቻው ከፈትነው፣ የሠራችውን መርጠን ቀዳነው፣ በዚያው ቦታ ላይ እንዲያርፍ አድርገን ለጠፍነው። የመብራቶቹ ቦታ ተረፈ። እያንዳንዱ መብራት ከማከፋፈያ ሰሌዳው ጋር የነበረው ግንኙነት ግን አብዛኛው ስለተበጠሰ እንደገና በእጅ ተሠራ፤ ሁለት ሌሊት ፈጀ። ርክክቡ በአራት ቀን ዘገየ። ይህ ቢደርስባችሁ የመጀመሪያው ሥራ ሁሉንም ሰው ማስቆም ነው። ማንም ቅጂውን አይዝጋ፣ አይሰርዝ፣ ለማመሳሰልም አይሞክር። የጠፋው ሥራ የሆነ ሰው ኮምፒውተር ላይ አለ።

ማክሰኞ ሌሊት፣ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ልጅቷ አንድ የተበላሸ የኤ3 ኅትመት ገልብጣ እስክሪብቶ አነሣች። አምስት ሳጥን ሣለች፦ አርክቴክቸር፣ ስትራክቸር፣ ሜካኒካል፣ ሳኒተሪ፣ ኤሌክትሪክ። በየሳጥኑ ሥር ስም ጻፈች። «ከዚህ በኋላ የእኔን ፋይል ማንም አይነካም፤ የእርስዎንም እኔ አልነካም። የሌላውን እያየን የራሳችንን እንሠራለን» አለችኝ። እኔ ከእርሷ በ12 ዓመት እበልጣለሁ። ስድስት ወር ሙሉ ስለ ፋይሉ ክብደት ሳወራ ከርሜ፣ ፋይሉ የማን ነው ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም ነበር።

ርክክቡ እንዳለፈ ሁለት ሳምንት ወስደን ሞዴሉን ከፋፈልነው። የአርክቴክቱንና የስትራክቸሩን ሞዴል ከባለቤቶቻቸው እንደ መጡ፣ ሳንነካቸው፣ በሊንክ አስገባናቸው። ሲቀየሩ አሮጌውን በአዲሱ እንተካለን፣ አበቃ። የወለል ከፍታዎቹንና አክሲሶቹን (ኮለኖቹ የሚሰለፉባቸውን መስመሮች) ብቻ ኮፒ ሞኒተር በሚባለው መሣሪያ ወደ ራሳችን ወሰድን፤ አርክቴክቱ አክሲስ ሲያንቀሳቅስ ሶፍትዌሩ ራሱ ይነግረናል። ሊንኩን ስታስገቡ ኦቨርሌይ የሚለውን ምረጡ። አታችመንት ካደረጋችሁት የእናንተን ፋይል የሚያስገባ ሰው የአርክቴክቱንም አብሮ ይሸከማል፤ አምስት ፋይል እርስ በርሱ ሲገባባ ክብደቱ ወደ ድሮው ይመለሳል። የማቀዝቀዣ ጭነት ለምታሰሉ ደግሞ፦ በሊንኩ ባሕርያት ውስጥ ክፍሎችን የሚገድብ መሆኑን የሚጠይቅ አንድ ምልክት ማድረጊያ አለ። ያችን ካልነካችሁ ግድግዳው እያለ ሶፍትዌሩ ክፍል አያይም። እኔ ለዚህች ምልክት አንድ ቀን ተኩል ከፍያለሁ።

እያንዳንዱን ሊንክ በራሱ ወርክሴት፣ ለብቻው በሚከፈትና በሚዘጋ የሞዴሉ ክፍል፣ ውስጥ አስቀመጥነው። ምድር ቤት ላይ ፓምፕ የምትሠራ ከሆነ የዘጠኙን ፎቅ የውስጥ ማስዋቢያ መክፈት ለምን ያስፈልጋል? ስትከፍቱ የምትፈልጉትን ወርክሴት ብቻ ምረጡ።

ከዚያ ጽዳቱ ቀጠለ። የማይሠራበትን የሚያጠፋውን ትእዛዝ ሦስት ጊዜ ደጋገምነው፤ አንዱ ሲጠፋ በውስጡ የነበረው ሌላው ብቅ ስለሚል አንድ ጊዜ አይበቃም። ትልቁን ክብደት ያገኘነው ግን ከአምራቾች ድረ ገጽ ባወረድናቸው ፋሚሊዎች (የተዘጋጁ የዕቃ ሞዴሎች) ውስጥ ነው። አንድ የውሃ ፓምፕ ከፍቼ አጠጋሁት፤ ብሎኖቹ ጥርስ አላቸው፣ የአምራቹ ስም በሰውነቱ ላይ ፊደል በፊደል ተቀርጿል። ያ ፓምፕ በሕንፃው ውስጥ 14 ቦታ ተተክሏል። ሁሉንም በተራ ሳጥን ተካናቸው፤ ትክክለኛ መጠን፣ ትክክለኛ የቱቦ መጋጠሚያ፣ ለጥገና የሚያስፈልገው ክፍት ቦታ፣ በቃ። በነካ እጃችን የአየር ማራገቢያዎቹን ቁጥሮችም አየናቸው። አምራቹ የሚሰጠው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ወለል አየር ነው፤ በእኛ ከፍታ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ሳይታረም ወደ ሠንጠረዥ የሚገባ ቁጥር ያሳስታል።

ለቱቦና ለዳክት ሠሪዎች አንድ ነገር ልጨምር፤ ክቧ ለምን እንደምትዞር ያወቅሁት እዚህ ላይ ነው። የሕንፃው የቀዝቃዛ ውሃ መስመር በሙሉ አንድ ሲስተም ከሆነ፣ አንድ ቱቦ በነካችሁ ቁጥር ሶፍትዌሩ የመስመሩን ፍሰትና ግፊት እንደገና ሊያሰላ ይነሣል። በየሲስተሙ ዓይነት ውስጥ ያለውን ስሌት አጥፉት፤ የቱቦ ስፋት በምትወስኑበት ዕለት ብቻ መልሱት። የትም ሲስተም ውስጥ ያልገቡ፣ አፋቸው ክፍት የቀሩ መጋጠሚያዎችንም አታከማቹ። የማስጠንቀቂያ ዝርዝራችሁን ደግሞ አንብቡ። የእኛ ከአራት ሺህ በላይ ነበር፤ ግማሹ አንድ ዕቃ በራሱ ላይ ሁለት ጊዜ መቀመጡን የሚናገር ነው።

ሁሉም ሲያልቅ ከእኛ ሦስት ፋይሎች ትልቁ 210 ሜጋባይት ሆነ። ጠዋት ለመክፈት አራት ደቂቃ ይበቃዋል። ማኪያቶው አልቀረም።

የዕለት ተዕለት ልማዳችን ቀላል ነው። ከመብላታችን በፊትና ከመውጣታችን በፊት እናመሳስላለን፤ ሁላችንም በአንዴ እንዳንጋፋ ጮክ ብለን «እኔ ነኝ» እንላለን። ሶፍትዌሩ አንድ ሰው የያዘውን ሌላው እንዳይነካው ስለሚቆልፍ፣ ስናመሳስል የያዝነውን ሁሉ እንለቃለን። አንዱ ባልደረባችን ሳይለቅ ለሠርጉ ጎንደር ሄዶ አንድ ሙሉ ወለል ለሳምንት ቆልፎብን ነበር። ያን ያወቅነው በኋላ ነው፤ በሶፍትዌሩ ውስጥ የተጠቃሚውን ስም ወደ እርሱ ስም ለውጠን ገብተን መልቀቅ ይቻላል። ሰውየው በራሱ ቅጂ ላይ ያላመሳሰለው ሥራ ካለ ግን ያ ሥራ ይጠፋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ደውሉለት። ማታ ማታ የየፋይሉ ቅጂ ቀን ተጽፎበት ሌላ ዲስክ ላይ ይቀመጣል፤ ዓርብ ዓርብ አንድ ዲስክ ከቢሮው ይወጣል። ሰርቨሩና ኬብሎቹ የሚገናኙበት የኔትወርክ ስዊች የራሳቸው ዩፒኤስ አላቸው። ስዊቹን ረስተን ነበር፤ ሰርቨሩ በዩፒኤስ ቆሞ ስዊቹ ከጠፋ በማመሳሰል መሃል መቆረጣችሁ አይቀርም። መብራት ሲሄድ ማንም ማመሳሰል አይጀምርም። ሥራ መሃል ላይ ደግሞ የሬቪትን እትም አናሳድግም፤ በአዲሱ የተቀመጠ ፋይል በአሮጌው አይከፈትም፣ መመለሻም የለውም።

ሞዴሎቹ ከተለያዩ በኋላ ግጭት፣ ማለትም ሁለት ነገር አንድ ቦታ መያዙን፣ የምንፈትሸው ሞዴሎቹን አንድ ላይ በሚያሳይ ናቪስወርክስ በሚባል ሶፍትዌር ነው። ቢም ከዳክት ጋር ማለቴ ነው፤ በእኛ ቢሮ «ቢም» ሲባል ለስትራክቸሩ ሰው የኮንክሪቱ አግዳሚ፣ ለእኔ የሞዴል አሠራሩ (BIM) እየመሰለን ስንት ጊዜ ተጣልተናል፤ እዚህ የማወራው ስለ ኮንክሪቱ ነው። የመጀመሪያው ፍተሻ ሺህ በሺህ ግጭት አወጣና ሁላችንም ተስፋ ቆረጥን። አብዛኛው ቱቦ የኮርኒስ ሰሌዳ ነካ የሚል ነው። ሁሉንም ከሁሉም ጋር አታጋጩ፤ መጀመሪያ በራሱ ተዳፋት የሚወርደውን ፍሳሽ ከቢም ጋር፣ ቀጥሎ ዳክቱን፣ ከዚያ ሌላውን። የቀዶ ሕክምናው መተላለፊያ ላይ ያገኘነው ምሳሌ ይኸው፦ ከወለል ወለል 3.80 ሜትር፣ ቢሙ ከነሶሌታው 60 ሴንቲ ሜትር፣ ኮርኒሱ 2.60 ላይ። የቀረው 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ዳክቱ ከነመሸፈኛው 45 ይወስዳል። ከሥሩ የሚያልፈው 110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ በአንድ በመቶ ተዳፋት 12 ሜትር ሲሄድ 12 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ከራሱ ውፍረት ጋር 23። ድምሩ 68። ስምንት ሴንቲ ሜትር የለንም። ይህንን ወረቀት ላይ ማንም ያሰላዋል፤ ግን በአንድ ጊጋባይቱ ፋይል ዘመን ያንን ቦታ ቆርጦ ለማየት ትዕግሥት የነበረው ሰው አልነበረም። ፍሳሹን ወደ ጎረቤት ቀጥታ መውረጃ አዞርነው።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ሥራ ገባ፤ ሱሉልታ አካባቢ የሚሠራ መጋዘን ነው። የቀያሹ ፋይል በቴሌግራም ደረሰኝ። በኦቶካድ ከፍቼ ሙሉውን አሳየኝ አልኩት። ማያ ገጹ ጥቁር ሆነ።

«የርዕስ ሳጥኑ ነው፣ አይደል?» አለችኝ ልጅቷ ከወዲያ ማዶ፣ ከሥራዋ ቀና ሳትል።